በጉልበት የማይመለስ ፒስተን፦ የኤሌክትሪክ እጅ ፍሬን ባለው መኪና ላይ የኋላ ሸራ ስለመቀየር



መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የምናያቸው መኪኖች እየተለወጡ ነው። ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ወደ ላይ የሚሳብ የእጅ ፍሬን የላቸውም። በቦታው በክብ ውስጥ «ፒ» የሚል ፊደል የተጻፈበት ትንሽ በተን አለ። ይህ ነገር የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ አይደለም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ የነዳጅ መኪኖች ላይ ሲገጠም ቆይቷል፤ ወደ እኛ በብዛት የመጣው ግን አሁን ነው።

መኪናው የአባታችን፣ የአጎታችን ወይም በኮንትራት የሚሠራ የሰፈራችን ሰው ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን የኋላው ሸራ ማለቁ አይቀርም። ያን ጊዜ በለመድነው መንገድ ፒስተኑን በሞርሳ ገፍተን ከመለስነው፣ በአንድ ሸራ ዋጋ ሊያልቅ የነበረው ሥራ ሙሉ ካሊፐር እስከማስቀየር ያደርሳል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የተጎዳው ፍሬን መያዝ ባለበት ሰዓት አለመያዙ ነው። ስለዚህ ውስጡ ምን እንዳለና ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ እንመልከት።

በእኛ አገር ለምን ይበልጥ ያሳስባል?

ጎንደር ሜዳ ከተማ አይደለችም፤ መኪና የሚቆመው በአብዛኛው ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ነው። ከከተማ ወጥተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን ደባርቅ ስንደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንገኛለን። ከዚያ በኋላ ሊማሊሞ ይጀምራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቆርጦ የተሠራው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይዞን ይሄዳል።

በፊዚክስ የተማርነውን እዚህ ላይ እናምጣው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 15 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ማርሽ ዝቅ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ከዚህ የተወሰነውን በሞተሩ ይይዘዋል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም የተወሰነውን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ባትሪው ደባርቅ ላይ ሙሉ ከሆነ ግን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። በመንገድ ላይ ከፍተኛውን ድርሻ የሚሸከመው የፊት ፍሬን ነው። መኪናው ቁልቁለት ላይ ሲቆም ግን በአብዛኞቹ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን እግር ስለሆነ፣ አደራው በኋላው ሸራ ላይ ይወድቃል።

ውስጡ ምን አለ?

በተራው የፊት ካሊፐር ውስጥ ፒስተኑን የሚገፋው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። እግራችንን ስናነሳ ግፊቱ ይጠፋል፤ ሸራ ስንቀይርም ፒስተኑን በሞርሳ ቀስ ብለን ብንገፋው ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል።

የኤሌክትሪክ እጅ ፍሬን ባለው የኋላ ካሊፐር ላይ ግን ፒስተኑ ሁለት ገፊ አለው። አንዱ ያው ዘይቱ ነው። ሁለተኛው ከካሊፐሩ ጀርባ የተገጠመ ትንሽ ሞተር ነው። በተኑን ስንነካ ሞተሩ በማርሾች አማካይነት አንድ ጥርስ ያለው ዘንግ ያዞራል። በዘንጉ ላይ ያለው ዳዶ በፒስተኑ ሆድ ውስጥ ወደ ፊት ይሄድና ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፤ ዘንጉ ግን በራሱ ጥርስ ተቆልፎ ይቀራል። ባትሪው ቢሞት እንኳ መኪናው የማይንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ጥቅም ነው። ዳዶው ዘንጉ ሲዞር ይሄዳል እንጂ ዳዶውን በመግፋት ዘንጉን ማዞር አይቻልም። በተኑን ተጭነን የእጅ ፍሬኑን ብንለቅም ዳዶው ወደ ኋላ የሚመለሰው ጥቂት ብቻ ነው። አዲሱ ወፍራም ሸራ እንዲገባ ደግሞ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው መመለስ አለበት። በሞርሳ አስገድደን ስንገፋው ኃይሉ በሙሉ በዳዶው፣ በዘንጉና በማርሾቹ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር መሰበሩ ወይም መጣመሙ አይቀርም።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመን በፊት ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ እናድርግ። ይህን መዝለል አይገባም። በጥገና ጊዜ የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ በኋላ እግር የሚነዳ መኪና ደግሞ ኋላው በክሪክ ከተነሣ ማርሹን «ፒ» ላይ ማድረግም አይዘውም።

2. ጎማ ከመፍታታችን በፊት መኪናውን ወደ ጥገና ሁኔታ እናስገባው። በአንዳንዱ መኪና ይህ ከስክሪኑ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ በሌላው በፔዳልና በበተን ቅደም ተከተል ይሠራል፤ በብዙዎቹ ግን የምርመራ ኮምፒውተር ይፈልጋል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግረናል። ሲገባ የሞተሮቹ ድምፅ ከኋላ ይሰማል፤ ዳዶው ወደ ኋላ እየሄደ ነው ማለት ነው። ድምፁ እስኪያቆም እንጠብቅ።

3. መኪናውን አጥፍተን ቁልፉን እናርቀው። ካሊፐሩ ተፈትቶ ሳለ አንድ ሰው ገብቶ በተኑን ቢነካ ሞተሩ ይነሣል፤ ጣት ሊቆርጥ ወይም ፒስተኑን ሊያስወጣ ይችላል።

4. መኪናውን ካነሣን በኋላ በክሪኩ ብቻ አንተማመን፤ ጠንካራ መደገፊያ እናድርግለት። ካሊፐሩን ስንፈታ በፍሬን ጎማው ቱቦ እንዳይንጠለጠል በሽቦ እንሰረው። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ገመድም አንወጥረው።

5. ዲስኩን እንየው። የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ላይ ታትሟል፤ ከዚያ ካነሰ ይቀየራል። አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም አንንፋው፤ በእርጥብ ጨርቅ እንጥረገው፤ ለሳንባ አይበጅም።

6. አሁን ፒስተኑን በቀስታ ቀጥ አድርገን እንግፋ። በካቦ የሚሠራ የቀድሞ የእጅ ፍሬን ባላቸው ብዙ ካሊፐሮች ላይ ፒስተኑ እየተጠመዘዘ ነበር የሚገባው፤ ሞተር ያለው ግን አይጠመዘዝም። በቀላሉ ካልገባ ዳዶው አልተመለሰም ማለት ነውና ቆም ብለን ወደ 2ኛው ደረጃ እንመለስ። ዘይቱ ከማጠራቀሚያው እንዳይፈስም እንከታተል፤ ቀለም ያበላሻል።

7. ሸራ ሁልጊዜ በግራና በቀኝ አብሮ ይቀየራል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ዘንጎች አጽድተን ለፍሬን የተሠራ ግራሶ እንቀባቸው። ግራሶው ሸራውን ወይም ዲስኩን እንዳይነካ እንጠንቀቅ።

8. ከገጠምን በኋላ መጀመሪያ የእግር ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግመን እንርገጥ። ከዚያ ብቻ ከጥገና ሁኔታ እናውጣው፤ መኪናው የአዲሱን ሸራ ውፍረት በራሱ ይለካል። ክሩስኮቱ ላይ ማስጠንቀቂያ መብራት አለመኖሩን አይተን፣ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ቀጥሎ ቀለል ያለ ዳገት ላይ እንሞክረው።

አንዳንዶች ኮምፒውተር ሲያጡ የሞተሩን ሶኬት ነቅለው ከባትሪ በቀጥታ መብራት ይሰጡታል። ሞተሩ ይዞራል፤ ነገር ግን መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው የለም፤ መኪናውም ዳዶው የት እንዳለ አያውቅም። ይህን መንገድ አልመክርም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። የተባለው ሁሉ ሞተሩ በካሊፐሩ ላይ ለተገጠመባቸው መኪኖች ነው። ለምሳሌ በአገራችን በብዛት የገባው ቮልስዋገን አይዲ 4 ኋላው ታምቡር ስለሆነ አሠራሩ ሌላ ነው። አንዳንድ መኪናም ካቦውን ከመሀል የሚስብ አንድ ሞተር ብቻ አለው። ስለዚህ ሸራ ከመግዛታችን በፊት የኋላውን ፍሬን ዓይነት እንወቅ።

ጋራዥ ስንሄድ

አብዛኞቻችን ይህን ሥራ በገዛ እጃችን አንሠራውም፤ መካኒክ ዘንድ እንወስደዋለን። የጋራዥ ባለሙያዎቻችን ብዙዎቹ ሙያውን ከልጅነታቸው ጀምሮ በእጃቸው የተማሩ ናቸው፤ በድምፅ ብቻ የሞተር ሕመም የሚለዩ አሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ ብሎ በሰው ፊት ማረም አደብ አይደለም፤ ዝም ብሎ ማየትም ትክክል አይደለም። «ጋሼ፣ ይሄኛው የኋላ ፒስተኑ ሞተር አለው አሉ፤ መጀመሪያ በኮምፒውተር እናስመልሰው ይሆን?» ማለት ይበቃል። የሚያውቀው ሰው ደስ ይለዋል፤ አዲስ የሆነበትም ሳያፍር ይጠይቃል።

ለምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። የመኪናው መመሪያ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው። የፍሬኑን ምዕራፍ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን ለሰፈራችን ጋራዥ ብንሰጥ፣ የሚያስፈልገን አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ገጽ የሚጠቀመው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ለዒድ ወደ ቤተሰቦቻችን ስንሄድ በሊማሊሞ የሚያወርደን ሾፌርና ከኋላው የተቀመጥነው ሁሉ ነን።