በራቸውን የከፈቱ እናት

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ ለነዳያን ሳንቲም ወይም ቍራሽ መስጠት ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ምጽዋት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የዛሬን ረኃብ ብቻ የሚያስታግሥ አለ፤ ተቀባዩ ነገ በገዛ እጁ ሠርቶ እንዲበላና ለሌላውም እንዲተርፍ የሚያበቃም አለ። ይህ ሁለተኛው ለሴቶች ልጆቻችን እጅግ ያስፈልጋል። ስለ ምን እንደ ሆነ የአንዲት እናት ታሪክ ያስረዳናል።

ብዙዎች «እዳዬ» እያሉ የሚጠሯቸው ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፥ በፍቼ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለ ሞቱ በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆን ሳይወዱ ተዳሩ፤ ነገር ግን ከተዳሩበት ቤት ጠፍተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያም ፊደል ቈጠሩ፤ በኋላም ተቀጥረው የራሳቸውን እንጀራ ለመብላት በቁ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። አገሩን ረኃብ መትቶት ነበር። በሞተች እናት አጠገብ የቀረ ሕፃን ባዩ ጊዜ ልባቸው ተነካ። በእጃቸው የነበረውን ጥቂት ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ሲመለሱም ወላጅ የሌላቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ገቡ። ዓመት ያህል ሲሆን የልጆቹ ቍጥር 21 ደረሰ። ባለቤታቸው ይህን አልተቀበሉም፤ ዘመዶቻቸውም እንደ እብደት ቈጠሩባቸው። ከሞቀ ቤታቸውና ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ግድ በሆነባቸው ጊዜ ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ።

ከዚህ ትንሽ ጅማሬ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተነሣ። ማኅበሩ ሕፃናትን ከማሳደግ አልፎ ለትምህርት፥ ለሙያ ሥልጠናና ድኆች ሴቶች ገቢ ለሚያገኙበት ሥራ ደከመ። እርሳቸውም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ዐረፉ።

እንግዲህ እናስተውል። ያቺ የዐሥር ዓመት ሕፃን ተይዛ ወደ ተዳረችበት ቤት ተመልሳ ቢሆን፥ ፊደልም ባትቈጥር፥ ሥራም ባታገኝ ኖሮ፥ እነዚያን 21 ልጆች ማን ይሰበስባቸው ነበር? ለአንዲት ልጅ የተከፈተ በር በእርስዋ ብቻ አይዘጋም፤ ብዙዎች ተከትለዋት ይገባሉ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ከ18 ዓመት እንዳያንስ ወስኗል። ነገር ግን ሕግ ልጅቱን ካለ ዕድሜዋ ከመዳር ይጠብቃታል እንጂ ደብተርና እርሳስ አይገዛላትም። ይህ የጎረቤትና የወዳጅ ፈንታ ነው።

በየወሩ በጽዋ ማኅበር፥ በሰንበቴና በዕድር እንሰበሰባለን። ከድግሱ ጥቂት ቀንሰን በአንድ ሣጥን ብናኖር፥ የታመኑ ሦስት ሰዎችም ቢጠብቁት፥ በደብተርና በልብስ እጦት ከትምህርት ልትቀር ያለችውን አንዲት ልጅ ዓመቱን ሙሉ መርዳት እንችላለን። ባልዋ ለሞተባት ጎረቤታችንም የምጣድና የጤፍ መግዣ ብንሰጣት እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆችዋን ታሳድጋለች። ይህም በስውር ይሁን፤ የተረጂዋ ስም በጉባኤ እየተጠራ ፊቷ አይፈር።

ከሁሉ በፊት ግን ወደ ገዛ ማድ ቤታችን እንመልከት። እንደ ሕፃኒቱ አበበች ከገጠር ወጥታ ወደ ከተማ የመጣች ልጅ ምናልባት ከእኛው ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ እሳት ታነድዳለች። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማናውቀው ሰው እየመጸወትን፥ በቤታችን ላለችው የማታ ትምህርት ሰዓት ከነፈግናት ምጽዋታችን ጎደሎ ነው። ወጪውም ብዙ አይደለም፤ ራቱ ቀደም ብሎ ይሠራ፥ የዕቃ አጠባውንም የቤቱ ልጆች ይካፈሉ። ዛሬ ማታ እንጥራትና «ልጄ፥ ትምህርትሽን እስከ ስንተኛ ክፍል አድርሰሻል?» ብለን እንጠይቃት።