የእሳት ራት ስትበዛ

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን በሱረቱል ቃሪዓ ስለተወሳችው፣ ከመግሪብ በኋላ ኩራዝና አምፖል ስለምትከበው የእሳት ራት ነው። አንዳንድ ዓመት በመብራት ዙሪያ ጥቂት ብቻ ትታያለች፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ዝናብ በጣለ ማግስት ቤቱን ትሞላዋለች። ለምን ይሆን? በወረኢሉ፣ በለጋምቦና በመካነ ሰላም አካባቢ ላለ ገበሬስ ምን ትነግረዋለች?

የእሳት ራት ዓይነቷ ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ሰብል አይነኩም። ከመካከላቸው አንዷ ግን የተምች እናት ናት። ይህች የእሳት ራት በሌሊት ትበራለች፤ ነፋስም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይወስዳታል። ከታንዛንያና ከኬንያ ተነስታ፣ ዝናብን እየተከተለች፣ በየመንገዱ እየተራባች ወደ አገራችን ትደርሳለች። ዝናብ ሊጥል ሲል የሚጋጩት ነፋሶች ተበታትና የነበረችውን አንድ ቦታ ያከማቿታል። እዚያው ትወርዳለች፤ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲፈለፈልም ለጋው ሣር በቅሎ ይጠብቀዋል። ተምቹ ከሰማይ የወረደ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ቁጥሯ ከዓመት ዓመት የሚለያየውም በዝናቡ አኳኋን ነው። ዝናቡ ሳያቋርጥ ከዘነበ በሽታ ተምቹን ይፈጀዋል፤ ብዙው ገና በትንሽነቱ ይሞታል። ድርቅ ቆይቶ ዝናቡ እዚህም እዚያም እየቆራረጠ ሲጥል ግን የእሳት ራቷ በጥቂት ቦታ ትሰበሰባለችና ተምቹ ይበረታል። ስለዚህ ካለፈው ድርቅ ገና ያላገገመው ቤተሰብ ሁለተኛ ፈተና ሊገጥመው ይችላል።

ተምች ጥቂት ሲሆን አረንጓዴ ነው፤ ከሣሩ አይለይም። ሲበዛና ሲጨናነቅ ይጠቁራል። በሁለት ሦስት ሳምንት ዕድሜው ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ጥቁሩን አይተን ከተነሳን እንግዲህ ዘግይተናል። ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ገብሱንና ግጦሹን ያወድማል፤ ባቄላና ሽንብራን ግን ብዙም አይነካም።

ስለዚህ በበልግ ወይም በክረምት መግቢያ የእሳት ራት ቤቱን ከሞላች ሳምንት ሳይሞላ ማሳውን እንይ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ቅጠሉን ገለጥ አድርገን እንፈትሽ። አረንጓዴው ተፍቆ ስስ ነጭ ሆኖ ከቀረ ትንሹ ተምች ገብቷል ማለት ነው። ወዲያው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ እንንገር። ባለሙያዎቹ የእንስቷን ጠረን ባለው ወጥመድ ወንዶቹን እየያዙ ይቆጥራሉ፤ የእኛ ዓይን ሲጨመርበት ማስጠንቀቂያው ይፈጥናል። ከግጦሹ ወደ ማሳው እንዳይሻገርም ቦይ መቆፈር ይረዳል። መድኃኒት ከተረጨ ከብት ወደዚያ አይሰማራ፤ የመድኃኒቱ ጀሪካንም ውኃ አይቀዳበት።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሌላ ተምች በአገራችን ታይቷል። እርሱ በተለይ በቆሎን ይወዳል፤ በመሐለኛው ለጋ ቅጠል ውስጥ ይደበቃል። በቆሎ የምትዘሩ የቆላ ወገኖቻችን፣ እርሱንም ቅጠሉን እየገለጣችሁ ፈልጉት።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዱዓውም ጥንቃቄውም አብረው ይሂዱ። ልጆቻችሁ በመብራቱ ዙሪያ የምትዞረውን የእሳት ራት ሲያዩ አምና ከነበረው በዝታ እንደሆነ ጠይቋቸው። በዝታለች ካሉ በማግስቱ ማሳው ይታይ። አላህ አዝመራችንን ይጠብቅልን።