ወደ ውጭ ያፈነገጠ ዓይን፦ በአዋቂዎች ላይ «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ የመጠየቅ አስፈላጊነት



የሁለቱ ዓይኖቹ አቅጣጫ ያልተስማማለትን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል «ሸውራራ» እንለዋለን። ዓይኑ ወደ አፍንጫው ያዘነበለም ይሁን ወደ ጆሮው የሸሸ፣ አብሮት ያደገም ይሁን ባለፈው ሳምንት የጀመረው፣ ስሙ አንድ ነው። ቃሉ ስድብ ሆኖ ከማቁሰሉ ባሻገር ሌላም ጉዳት አለው፤ የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ መጠሪያ ሥር ይሰውራል። የዛሬው ሐሳቤ አጭር ነው፦ ዓይኑ ወደ ውጭ ያፈነገጠ አዋቂ ሲገጥመን ቀዳሚው ጥያቄያችን «ከመቼ ጀምሮ?» ሊሆን ይገባል።

በቅድሚያ አሠራሩን እናስታውስ። እያንዳንዱን ዓይን 6 ጡንቻዎች ያንቀሳቅሱታል። ከእነዚህ 4ቱን፣ እንዲሁም የላይኛውን ቆብ የሚያነሳውንና ብሌኑን የሚያጠበውን ጡንቻ የሚያዘው ሦስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ዓይንን ወደ ጆሮ የሚስበው ጡንቻ ግን በስድስተኛው ነርቭ ይታዘዛል። ሁለቱን ዓይኖች በአንድ ነገር ላይ አጣምሮ የሚያቆያቸው ደግሞ ምስሎቻቸውን የሚያዋሕደው አንጎል ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ከልጅነት የመጣ ነው። ዓይኑ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆይና ሲደክም ወይም ሩቅ ሲመለከት ይሸሻል። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ በጠራራ ፀሐይ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ሲያገላብጥ የሚውል ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሠራ ልማድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በደማቅ ብርሃን አንድ ዓይን መጨፈን የዚህ ሁኔታ የታወቀ ምልክት ነው። የልጅ አንጎል የሸሸውን ዓይን ምስል ችላ ማለት ስለሚማር፣ ሰውየው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ አያይም፤ ሐኪም ዘንድም አይሄድም። ከዕድሜ ጋር ቁጥጥሩ ሲላላ ግን መሸሹ ሊዘወተር ይችላል። መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ እንከን ያለበትን የቡና ፍሬ ስትለቅም ለምትውል ሴት፣ ዓይኖቿን በቅርብ ነገር ላይ ማጣመር ሲሳናት ውጤቱ የራስ ምታትና የዓይን ድካም ነው።

ሁለተኛው የማየት ኃይሉን ያጣ ዓይን ነው። የማያይ ዓይን ከጓደኛው ጋር የሚያስተባብረው ምክንያት ስለማይኖረው፣ በአዋቂዎች ዘንድ በአብዛኛው ወደ ውጭ ይሸሻል። መንሥኤው የዓይን ሞራ፣ የቅርንጫፍ ወይም የእሾህ ጉዳት፣ ወይም ትራኮማ የተወው ጠባሳ ሊሆን ይችላል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ዓይኑን ከማቅናታችን በፊት ለምን እንደማያይ መመርመር አለብን፤ ከጀርባው በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ሞራ ሊኖር ይችላልና።

ሦስተኛው በድንገት የመጣው ነው። ሦስተኛው ነርቭ ሲታወክ ወደ ጆሮ የሚስበው ጡንቻ ተቃዋሚ ያጣል፤ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ይሄዳል፣ ቆቡ ይወድቃል፣ የዓይኑ ቆብ ሲነሳ ሰውየው አንዱን ሁለት ያያል። የስኳር ሕመምና የደም ግፊት የነርቩን ደቂቅ የደም ሥሮች ሲጎዱ ይህ ሊከሰት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም በ3 ወር ገደማ ይሻሻላል። ነገር ግን ብሌኑ ከሰፋ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ካለ፣ በአንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ነርቩን ተጭኖት ሊሆን ስለሚችል ነገ የማይባልበት አደጋ ነው። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለውን ታካሚ የሚያዘገየው ርቀቱ ሳይሆን «ሸውራራ ነው» ብሎ ማሰናበት ነው።

ታካሚው ጊዜውን ካላስታወሰ የድሮ መታወቂያውን ፎቶግራፍ ጠይቁት፤ ዓይኑ በዚያን ጊዜ ወዴት ይመለከት እንደነበር ይመሰክራል። ቀጥሎ አንዱን ዓይን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የሌላውን እንቅስቃሴ ተመልከቱ። ይህ ምርመራ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ይሠራል።

«ካደጉ በኋላ አይድንም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። እንደ መንሥኤው መነጽር፣ ፕሪዝም ወይም የማጣመር ልምምድ ይረዳል። ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ የውጭው ጡንቻ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የውስጡ ያጥራል፤ ብዙዎች እንደሚፈሩት ዓይኑ ከቦታው አይወጣም። ሆኖም እውነቱን አንሸሽግ፦ የታወረውን ዓይን ብርሃን አይመልስም፣ መሸሹም ከዓመታት በኋላ ሊመለስና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

ይህን ሕክምና የውበት ጉዳይ አድርጎ ማቃለል ተገቢ አይደለም። በገበያ፣ በሥራ ቅጥርም ሆነ በትዳር ሸንጎ ሰው የሚመዘነው ዓይን ለዓይን ሲተያይ ነው። «ማንን ነው የምታየው?» እየተባለ የኖረ ሰው አንገቱን ደፍቶ መሄድ ይለምዳል። ነገ በየወረዳው የምትሠማሩ ተማሪዎች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ በቅድሚያ ቀና ብላችሁ እዩት፤ ከዚያም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁት።