ስስ አየር፣ ፈጣን መኪና፦ ፎርሙላ ዋንን ከመካነ ሰላም ስንከታተል

በነሐሴ አጋማሽ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲከፈት በመካነ ሰላም የፎርሙላ ዋን ወዳጅ የሆነ ሰው መከራ ይጀምራል። በአውሮፓ የሚካሄዱት የእሁድ የመኪና ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የእንግሊዝ የእሁድ ጨዋታዎችም ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በዚያው ሰዓት ነው። አንድ ዲሽና አንድ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሃምሳ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ አግዳሚ ወንበሩን ሞልቶ ሳለ፣ ሦስት ተማሪዎች ከበሩ ሥር ቆመው «ጋሼ፣ እባክዎ ወደ መኪናው ይቀይሩልን» ቢሉ መልሱ ምን እንደሚሆን አንባቢ አያጣውም።

ስለዚህ እኛ ይህን ስፖርት በዓይን ካየነው ይልቅ በቁጥር የተከታተልነው ይበልጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ቁጥሩም ራቀን። ምሽት ወጥቶ ቴሌቪዥን ማየትም የሚታሰብ አልነበረም። የስልክ ጥሪ በሚሠራበት ቀን ግን አዲስ አበባ የምትማር የአንዱ ጓደኛችን እህት ውጤቱን ታነብልን ነበር፤ ማን ስንተኛ እንደወጣ፣ በስንት ሴኮንድ እንደተበላለጡ፣ ከፍተኛው ፍጥነት ስንት እንደነበር። እኛም በባለ ካሬ ደብተር ላይ በረድፍ በረድፉ እንጽፋለን። ማክስ ቬርስታፐን ከ22 ውድድሮች 19ኙን ያሸነፈበት የእ.ኤ.አ. 2023 የውድድር ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አንድም ዙር ሳናይ በዚህ ሁኔታ አለፈ። ወደር ያልተገኘለት ዘመን ነበር፤ በእኛ ዘንድ የቀረው ግን ስድስት የደብተር ገጽ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የተወለደው ከዚያ ደብተር ነው። በአንድ ዓምድ መኪኖቹ በቀጥተኛው መንገድ ላይ የደረሱበትን ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሌላው የአንድ ሙሉ ዙር አማካይ ፍጥነታቸውን ስንመዘግብ ሁለቱ ቁጥሮች ባመዛኙ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። የጣሊያኗ ሞንዛ በሁለቱም ከፍተኛ ናት፤ ሞናኮ በሁለቱም ዝቅተኛ ናት። የአዘርባጃኗ ባኩ ከዚህ ሥርዓት ትወጣለች፤ ምክንያቷ ግን ግልጽ ነው፤ ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቀጥተኛ መንገድ አላት። ሜክሲኮ ሲቲስ? ቀጥተኛ መንገዷ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ የከፍተኛ ፍጥነት ቁጥሯ ከሞንዛ ጋር ይስተካከላል፤ አማካዩ ግን እጅግ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቫልተሪ ቦታስ በዊልያምስ መኪና በዚያው በሜክሲኮ ውድድር በሰዓት 372.5 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ይህም በውድድር ላይ ከተመዘገቡት ፍጥነቶች ሁሉ የበላይ ተብሎ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል።

ከፍታና እፍግታ

የሜክሲኮ ሲቲ የውድድር ጎዳና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በፎርሙላ ዋን የጉዞ ሰሌዳ ላይ የሚቀርበው አንድም የለም፤ ተከታዩ የብራዚሉ ኢንተርላጎስ 800 ሜትር አካባቢ ነው። መካነ ሰላም ደግሞ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሌላ አነጋገር የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች በዓመት አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን የሚቸገሩበት አየር እኛ በየዕለቱ ከምንተነፍሰው ይልቅ ወፍራም ነው።

አየር ክብደት አለው። ከበላያችን ያለው የአየር ድርብርብ ባነሰ መጠን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው የአየር መጠነ ቁስ፣ ማለትም እፍግታው፣ ይቀንሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ብለን ብናሰላ፣ በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በሜክሲኮ ሲቲ 0.92፣ በመካነ ሰላም 0.88 ይመዝናል። ከቆላ የመጣ እንግዳ «እዚህ ባቄላው አይበስልም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ውኃ በእኛ ዘንድ በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና።

ይህ መኪናን የሚመለከተው በሦስት መንገድ ነው። መኪና አየርን እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ አየር ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ሞተሩም አየር ይተነፍሳል። ፎርሙላ ዋን ጎማቸው በሻንሲ ያልተከደነ መኪኖች የሚወዳደሩበት ስፖርት በመሆኑ የመጀመሪያው ነጥብ ከተራ መኪና ይልቅ እጅግ ይከብዳል። የሚሽከረከር እርቃን ጎማ አየርን እያተራመሰ ስለሚሄድ በፊቱ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ትልቅ ነው።

የአየር ተቃውሞ በእፍግታው ልክ፣ ደግሞም በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ያን ተቃውሞ እያሸነፉ ለመሄድ ከሞተሩ የሚፈለገው አቅም እንግዲህ በፍጥነቱ ኪዩብ ልክ ያድጋል ማለት ነው። ከዚህ ቀላል ዝምድና ተነሥተን ብንሄድ፣ የሞተሩ አቅም ሳይለወጥ የአየሩ እፍግታ በ24 በመቶ ቢቀንስ ከፍተኛው ፍጥነት በ9 ወይም በ10 በመቶ ይጨምራል። በባሕር ወለል 330 የሚሮጥ መኪና በሜክሲኮ 360 ይሮጣል እንደ ማለት ነው። አንባቢ በካልኩሌተር ሊሞክረው ይችላል፤ 1 ለ0.76 ተካፍሎ የውጤቱ ኪዩብ ሥር ሲወሰድ 1.096 ይሆናል።

ብዙ ሰዎች የሜክሲኮን ፍጥነት «አየሩ ስስ ስለሆነ ነው» ብለው ያልፉታል። ግማሽ እውነት ነው። ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ «የሞተሩ አቅም ሳይለወጥ» የሚል ሐረግ መኖሩን ልብ ይሏል፤ ዋናው ነገር ያለው በእርሱ ውስጥ ነው።

የሚተነፍስ ሞተር

ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ የተመለሰ ሰው ጉዳዩን በጆሮው ሰምቶታል። ከሸለቆው ወለል እስከ ደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ አቀበት አለ። ተርቦ የሌለው አሮጌ መኪና አቀበቱን በጀመረበት ጉልበት አይጨርሰውም፤ ሾፌሩ ማርሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጭሱ የሚመጣው የሚረጨው ነዳጅ ሳይቀንስ አየሩ ስለቀነሰ፣ ነዳጁም በሙሉ መቃጠል ስላልቻለ ነው። ተርቦ ያለው አይሱዙ ግን ጭነቱን ይዞ አልፎት ይሄዳል።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር አየሩን የሚስበው በፒስተኑ እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ በየምቱ የሚያስገባው ይዘት የተወሰነ ነው። አየሩ አንድ አራተኛ ሲሳሳ አቅሙም አንድ አራተኛ ያህል ይወርዳል። አሁን ወደ ስሌታችን እንመለስ። ተቃውሞው በአንድ አራተኛ ቀነሰ፤ አቅሙም በአንድ አራተኛ ቀነሰ። ሁለቱ ይጣፋሉ! ተርቦ የሌለው መኪና በስስ አየር ያለው ከፍተኛ ፍጥነት ከሞላ ጎደል በባሕር ወለል ካለው ጋር አንድ ነው፤ እዚያ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ተርቦ ያለው ሞተር በአንጻሩ ከማርሚታው በሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተርባይን እያሽከረከረ አየሩን አስቀድሞ አጭቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ የጎደለውን ይሞላል። የፍጥነቱ ትርፍ የሚገኘው አቅም ሳይወድቅ ተቃውሞ ሲወድቅ ብቻ ነው።

ለዚህ ከአፍሪካ የተሻለ ምስክር የለም። የደቡብ አፍሪካው ኪያላሚ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በዚያ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1977 ባለ 1.5 ሊትር ተርቦ ሞተር ይዞ ወደ ፎርሙላ ዋን ሲገባ የተቀሩት ተርቦ በሌለው ባለ 3 ሊትር ሞተር ነበር የሚወዳደሩት። መኪናው በየጊዜው እየጨሰ ስለሚቆም ብዙዎች አልፈሩትም። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን ዣን ፒየር ዣቡይ በኪያላሚ ከሁሉም ቀድሞ የመነሻውን የመጀመሪያ ቦታ ያዘ፤ ለተርቦ መኪና ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በተከታዩ ዓመት ሬኔ አርኑ እዚያው አሸነፈ። ሌሎቹ ሞተሮች በከፍታው ሲደክሙ የሬኖ አልደከመም። ፎርሙላ ዋን ከ1993ቱ የኪያላሚ ውድድር ወዲህ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ለማዘጋጀት ጥያቄ ማቅረቧን አስታውቃለች፤ ኪጋሊም እንደ ኪያላሚ ከፍ ያለች ከተማ መሆኗን እዚህ ላይ እናስታውሳለን።

ስለ ሜክሲኮ ሲቲ ስንጽፍ ማሞ ወልዴን ሳናነሣ ማለፍ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነውር ይሆናል። ጉዳዩም ከርእሳችን አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1968ቱ ኦሊምፒክ በዚያው ከተማ ቦብ ቢሞን 8.90 ሜትር ዘለለ፤ በአጭር ርቀት ሩጫም የዓለም ክብረ ወሰኖች ረገፉ። የአጭር ርቀት ሯጭ በሩጫው ጊዜ ብዙ ኦክስጅን ስለማያስፈልገው የአየር ተቃውሞ መቀነሱን በትርፍነት ይወስደዋል። የ10,000 ሜትሩ ውድድር ግን በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሴኮንድ ተጠናቀቀ፤ በጊዜው ከነበረው ክብረ ወሰን በአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰባት ሴኮንድ ያህል የዘገየ ነበር። አሸናፊው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ፣ በስድስት ዐሥረኛ ሴኮንድ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣው ማሞ ወልዴ ነበሩ። ማሞ ከቀናት በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ። የረጅም ርቀት ሯጭ እንደ ሞተር ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ የሚሠራ ነው፤ በስስ አየር ሁሉም ይደክማል፤ በደጋ ያደገው ግን ከሌላው ያነሰ ይደክማል።

ክንፉና ራዲያተሩ

ደብተራችን ላይ ያለው ሁለተኛው እንቆቅልሽ የአማካዩ ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ማክስ ቬርስታፐን በሞንዛ የማጣሪያ ዙር በሰዓት ከ264 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት ሲዞር፣ በሜክሲኮ ከሁሉም የቀደመው ላንዶ ኖሪስ አማካዩ 205 ገደማ ነበር። ከፊሉ በእርግጥ የጎዳናው ቅርጽ ነው፤ ሜክሲኮ ዘገምተኛ ኩርባዎች አሏት። ከፊሉ ግን አየሩ ነው። የመኪናው ክንፎች ከአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጠው የተሠሩ በመሆናቸው መኪናውን ወደ መሬት ይጫኑታል፤ ጎማው ኩርባ ላይ ሳይንሸራተት የሚይዘው በዚህ ጫና ነው። ጫናውም እንደ ተቃውሞው በእፍግታው ልክ ይቀንሳል። ቡድኖቹ በሜክሲኮ ለሞናኮ የሚያዘጋጁትን ዓይነት ትልልቅ ክንፍ ይገጥማሉ፤ የሚያገኙት ጫና ግን በቀጫጭን ክንፍ ከሚሮጡባት ሞንዛ ብዙም አይርቅም። በቀጥታው መንገድ ያተረፉትን በኩርባው ይመልሱታል።

ሙቀትም አለ። ራዲያተሩንና ፍሬኑን የሚያቀዘቅዘው የሚያልፍባቸው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ፍሬኑ በተለይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መኪናው ፈጥኖ ይደርሳል፣ አየሩም እንደ ሌላው ቦታ ቀድሞ አያዘገየውም። ተርቦውም ያንኑ የአየር መጠን ለማቅረብ ይበልጥ መሽከርከር አለበት፤ ከ2014 እስከ 2025 በነበረው ደንብ ጣሪያው በደቂቃ 125,000 ዙር ነበር። ስለዚህ አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ ኖሮ በሜክሲኮ ቢዳከም ወይም ተቃራኒው ቢሆን ሊያስደንቀን አይገባም። ይህ ለሻምፒዮናው ቀላል ነገር አይደለም። በ2025ቱ የሜክሲኮ ውድድር ኖሪስ ሁለተኛውን ሻርል ለክሌርን በ30 ሴኮንድ ጥሎት ገባ፤ በዚያው ምሽትም የነጥብ መሪነቱን በአንድ ነጥብ ልዩነት ከቡድን ጓደኛው ከኦስካር ፒያስትሪ ወሰደ። ዘመኑ ሲዘጋ ኖሪስ 423፣ ቬርስታፐን 421 ነበራቸው። ከ24 ውድድር በኋላ ሁለት ነጥብ!

እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ደንቡ ተለውጧል። በተርቦው ዘንግ ላይ ተገጥሞ እርሱን በኤሌክትሪክ ያሽከረክር የነበረው መሣሪያ ተነሥቷል። ጎማ የሚያሽከረክረው የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከ120 ወደ 350 ኪሎ ዋት አድጓል፤ ከመኪናው ጠቅላላ አቅም ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ክንፎቹም በቀጥታ መንገድ ላይ ተዘርግተው ተቃውሞን የሚቀንሱ ሆነዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ለእርሱ ባሕር ወለልም መካነ ሰላምም አንድ ናቸው። ተርቦው ደግሞ ረዳቱን አጥቷል፤ በስስ አየር ከኩርባ ሲወጣ እስኪነቃ የሚያልፈው ቅጽበት ሊረዝም ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያመዝን በወረቀት ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ አንዳችንም ሌላውን አላሳመንንም።

በደብተሩ ላይ ለሜክሲኮ አዲስ ሦስት ዓምድ አስምረናል፤ ከፍተኛ ፍጥነት፣ የዙር አማካይና ከመጀመሪያው ኩርባ ሲወጡ ያለው ፍጥነት። ውድድሩ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል። በዚያ ሰዓት የእንግሊዝ ጨዋታ የለም፤ የዲሹ ቤት ባለቤትም «መብራት ካለና ሦስታችሁም ሻይ ካዘዛችሁ» ብለውናል።