ከሥሩ ስኳር የሆነ በረዶ

አማርኛችን ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሚረጋውም፣ ኮሎራዶ ተራሮች ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ለሚከመረውም ያው «በረዶ» ይላል። አይፈረድብንም፤ ሲቸግረን አልኖረም። እዚያ ግን በረዶው ምን ዓይነት እንደሆነ አለማወቅ ይገድላል።

ጣጣው የሚጀምረው ገና በኅዳር ግድም፣ የመጀመሪያው ስስ በረዶ ሲጥል ነው። ከሥር ያለው መሬት ሙቀቱን አልጨረሰም፤ የላዩ አየር ግን ሌሊቱን ክፉኛ ይቀዘቅዛል። በዚህ ልዩነት የተነሳ እንፋሎት በበረዶው መሀል ወደ ላይ እየሾለከ ቅንጣቱን እርስ በርስ ወደማይያያዝ ፍሬ ይለውጠዋል። ዘግነው ቢጨብጡት አይጠፈጠፍም፤ በጣት መሀል ይፈሳል። አገሬው «ስኳር በረዶ» የሚለው ለዚህ ነው። ከዚያ አዲስ በረዶ ይጫነዋል፣ ነፋስም ጠፍጥፎ ያጠነክረዋል። ስኳር ላይ ጣውላ እንደ መዘርጋት ነው። ስኳሩ ደግሞ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንደላላ ይቆያል።

ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ አንድ ስኪ ተጫዋች ሲያልፍ ስኳሩ ይደረመሳል፤ ስንጥቁ በቅጽበት ይሮጣል፤ ጣውላው ከነሰውየው ይናዳል። በጩኸት ይናዳል የሚሉት የፊልም ወሬ ነው። ሰው የሚገድለውን ናዳ ብዙውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው ሟቹ ራሱ ወይም ጓደኛው ነው።

ጠንቃቃ ሰው ታዲያ በረዶውን ይቆፍራል። ከጉድጓዱ ግድግዳ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ዓምድ ቆርጦ ይለያል፤ አካፋውን አናቱ ላይ አስተኝቶ ይመታዋል፤ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓው፣ 10 ጊዜ ከክርኑ፣ 10 ጊዜ ከትከሻው። በአንጓ ምት ብቻ የላዩ እንደ መሳቢያ ከተንሸራተተ፣ ወደ ቤት ነው።

ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ አይ-70 መንገድ ሲዘጋ አይታችሁ ይሆናል፤ የመንገድ ሠራተኞች ተራራው ሳይቀድማቸው በፈንጂ እያናዱት ነው። ከመንገድ ርቆ ለሚወጣው ግን ያለው ትንበያው ነው። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ አደጋውን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያወጣለታል። 5 በተባለ ቀን ማን ይወጣል? ብዙ ሰው የሚያልቀው «መሀል ላይ ነው» ብሎ በሚደፍርበት በ3 ነው።

የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከ15 ደቂቃ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ናዳው ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ስለሚደርቅ ራስን ማውጣት አይታሰብም፤ ሄሊኮፕተርም አይደርስም። የሚያወጣው አብሮት የወጣው ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ በታሰረች በ457 ኪሎኸርትዝ በምትጣራ ሬዲዮ፣ በረጅም መፈለጊያ ዘንግና በአካፋ። ስለዚህ ገና መኪና ማቆሚያው ላይ አንዱ ይቆማል፤ ሌሎቹ ተራ በተራ በፊቱ ያልፋሉ። የሁሉም ሬዲዮ ካልተሰማው ንቅንቅ የለም።