በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፦ ከሀገር ውጭ በሚስዮን ለማገልገል ለምታስቡ

ሰሞኑን በኢንቦክስ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞብኛል። «ዶክተር፣ በነፃ የሚያክሙ የክርስቲያን መርከብ ሆስፒታሎች አሉ አይደል? ነርስ ነኝ፣ ሄጄ ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ሀኪሞችም፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎችም ጠይቃችሁኛል። ዛሬ ሰፋ አድርገን እንየው።

በጣም የሚታወቀው መርሲ ሺፕስ ነው። እ.ኤ.አ በ1978 ዶን እና ዴዮን ስቲቨንስ የተባሉ ባልና ሚስት መሠረቱት። መርከቡ ራሱ ሆስፒታል ነው፤ ወደብ ላይ ለወራት ቆሞ በነፃ ቀዶ ጥገና ይሰጣል። ግሎባል መርሲ የምትባለው መርከብ 12 ፎቅ፣ 6 የቀዶ ጥገና ክፍል እና 200 ገደማ የሕሙማን አልጋ አላት፤ ሴኔጋልና ሴራሊዮን ላይ አገልግላለች። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ ለዓመታት ያደገ የፊት እጢ፣ ሄርኒያ፣ የተጣመመ የልጆች እግር፣ በቃጠሎ የተጣበቀ ቆዳ ይታከምባታል። ታካሚው ሃይማኖቱን አይጠየቅም። የእኛ ሀገር የባህር በር ስለሌላት መርከቡ ወደ እኛ አይመጣም፤ እኛ ግን ሄደን ማገልገል እንችላለን።

አሁን ቁም ነገሩ፦ ይህ ሥራ መቀጠር አይደለም። ደመወዝ የለውም። የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ክትባቱ፣ ኢንሹራንሱ ብዙውን ጊዜ ከራስ ኪስ ወይም ከቤተ ክርስቲያንና ከወዳጅ ድጋፍ ነው የሚወጣው። ስለዚህ «በሚስዮን መርከብ በዶላር እናስቀጥርሃለን፣ የፕሮሰስ ክፈል» የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ። ማመልከቻ በቀጥታ ለድርጅቱ ነው የሚገባው።

እንዲህም ሆኖ የሚሄዱ አሉ። ጋሪ ፓርከር የተባለው አሜሪካዊ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሀኪም እ.ኤ.አ በ1987 ለጥቂት ወራት ብሎ ሄዶ ከ30 ዓመት በላይ እዚያው ቀርቷል። ሁላችንም እንደሱ እንሁን አልልም። ግን ለሁለት ሳምንትም ይሁን ለሁለት ዓመት የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ነገር አዘጋጁ፤ ሰውነታችሁንና ሥራችሁን።

ለሰውነታችሁ

1. የቢጫ ወባ ክትባት። ብዙ የምዕራብ አፍሪካ ሀገራት መግቢያ ላይ ካርዱን ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ከ60 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሀኪም አማክሩ።

2. ሄፓታይተስ ቢ። ሦስት ዙር ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ 6 ወር ይፈጃል። ደም ለሚነካ ባለሙያ ሁሉ፣ ሄደም አልሄደም፣ ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት።

3. ወባ። «እኔ አፍሪካዊ ነኝ፣ ወባ አይበረታብኝም» አይሠራም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለወባ ያለው የመከላከል አቅም ከአውሮፓዊው ብዙም አይሻልም። መከላከያ ክኒኑ እዚያ እያላችሁ ብቻ የሚወሰድ አይደለም፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ4 ሳምንት በየቀኑ ይቀጥላል። ለእርጉዝ አይሰጥም። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ለሀኪሙ ንገሩ።

4. መርፌ ከወጋችሁ። ቦታውን በውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ ወዲያው አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል።

ሰው ልርዳ ብሎ የሄደ ሰው ራሱ ታካሚ ሆኖ አልጋ መያዝ የለበትም።

ለሥራችሁ

ኢንተርን ሳለሁ የነበርኩበት ሆስፒታል ለአንድ ሳምንት ከውጭ የመጣ ቡድን ነበር። ጎበዞች ናቸው፣ ቀንና ሌሊት ሠሩ። ከሄዱ በኋላ ግን ሄርኒያ የተሠራላቸው አንድ አባት ቁስላቸው መግል ይዞ መጡ። ካርዳቸው ላይ ምን እንደተደረገ አልተጻፈም፤ የምንደውልለት ሰውም አልነበረም። ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ሁለት ሳምንት ተኙ፣ የእርሻ ጊዜያቸውም አለፈ። «እነዚያ ደጎች መቼ ነው የሚመለሱት?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ድርጅቱን እነዚህን ጠይቁ። እኛ ከሄድን በኋላ በሽተኛውን ማን ይከታተላል? ሀገሬ ላይ ያልተፈቀደልኝን ሥራ እዚያ እንድሠራ ትጠብቃላችሁ? አብሮኝ የሚሠራና የሚማር የሀገሩ ባለሙያ አለ? መልሱ ድፍንፍን ያለ ከሆነ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጸሎት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ ሰው «ካልተስማማሁ ይተዉኝ ይሆን» ብሎ ፈርቶ እሺ ማለት የለበትም።

ጥሩ ምሳሌ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በእምነታቸው ጠንካራ የነበሩት ዶክተር ሬጅናልድ እና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ በ1959 ከአውስትራሊያ ሲመጡ ውላቸው የ3 ዓመት ነበር። ቀሩ፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ታካሚያቸው የነበሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳይማሩ አጠገባቸው ቆመው ተምረው ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ሠሪ ሆኑ። ዶክተር ካትሪን በ2020 አረፉ፤ ሥራው ግን አልቆመም። እኔ አገልግሎትን የምለካው በዚህ ነው፤ እናንተ ስትሄዱ ማን እጅ ላይ ይቀራል?

የልባችሁ ፈቃድ መልካም ነው፤ አትተዉት። ቪዛውና ማመልከቻው ሌላ ቀን ይደርሳል፤ የመጀመሪያውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ግን በዚህ ሳምንት ጀምሩት። ለመሄድ ለሚያስብ ጓደኛችሁም አድርሱልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ!