ራሱን ስለሚስት ልጅ ምርመራና ስለሚያስከትለው ወጪ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ ወደ ሐኪም ቤት በተወሰደ ጊዜ ከሚደረግለት ምርመራ የትኛው እንደሚጠቅም፥ የትኛውስ የወላጅን ገንዘብ በከንቱ እንደሚያስወጣ ለማስረዳት ነው። ምሳሌያችንን ከዋጃ እንወስዳለን። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሜዳው ሰፊ፥ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ የገበሬውም ኑሮ በማሽላ፥ በጤፍና በከብት የቆመ ነው። ማሽላው ባፈራ ጊዜ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ወይም ቁርሱን ሳይበላ በትምህርት ቤት ሰልፍ የቆመ ተማሪ ራሱን ቢስት የሚያስደንቅ አይደለም። (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።)

ሐኪሞች በልጆች ላይ አዘውትረው የሚያዩት ራስን መሳት የልብም የአንጎልም በሽታ አይደለም። ሰው ለብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ያዘቀዝቃል፤ ሙቀትና ጥም ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል። በዚህ ጊዜ ነርቭ የልብን አመታት ያዘገያል፥ የደም ሥሮችም ይላላሉ። የደም ግፊቱ በድንገት ስለሚወርድ አንጎል ለጥቂት ሰኮንዶች ደም ያጥረዋል፤ ልጁም ዓይኑ ጨልሞበት፥ ላብ አጥምቆትና ገርጥቶ ይወድቃል። ብሪታንያዊው ሐኪም ቶማስ ሌዊስ በ1932 ይህን ነገር ቫዞቫጋል ብሎ ሰይሞታል። ከመቶ ልጆች 15 ያህሉ አካለ መጠን ሳያደርሱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚደርስባቸው ይገመታል። መድኃኒቱም መውደቁ ራሱ ነው፤ ልጁ በተጋደመ ጊዜ ራሱ ከልቡ ጋር እኩል ስለሚሆን ደሙ ወደ አንጎሉ ይመለሳል።

በአገራችን ግን የወደቀውን ልጅ ዝም ብሎ የሚያስተኛው ጥቂት ነው። አንዱ ደግፎ ያስቀምጠዋል፥ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፥ ሦስተኛው ውሃ ይደፋበታል። ክብሪቱና ውሃው እምብዛም አይጎዱ ይሆናል፤ ቀጥ አድርጎ መያዙ ግን ደሙ ወደ አንጎል እንዳይመለስ ስለሚያግድ ልጁ እጅና እግሩን ለጥቂት ጊዜ ሊያንፈራግጥ ይችላል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «የሚጥል በሽታ ነው» ይላል። እኛ እንደምናምነው አብዛኛው ከንቱ ወጪ የሚጀምረው ከዚህች አንዲት ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረዥም ነው። ልጁ ከጤና ጣቢያ ወደ ቆቦ ወይም ወደ አላማጣ፥ ከዚያም ወደ ወልድያ ይላካል፤ ምስሉ የግድ ነው ከተባለም እስከ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጨምሩም አሉ። ወጪው ሲቈጠር የምርመራው ዋጋ ብቻ መታየት የለበትም። የሁለት ሰው የመኪና ኪራይ፥ የአልጋና የምግብ፥ ለዚህ ሲባል የተሸጠ ፍየል ወይም በርካሽ የወጣ ማሽላ፥ አባትየው ከአጨዳ የቀረበት ቀንና ልጁ ከትምህርት የቀረበት ሳምንት ሁሉ አብሮ ይደመራል። በ2011 በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ለገበሬው ታላቅ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን አባሉ ውል ወደሌለው የግል ምርመራ ቤት በሄደ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል፤ የጉዞውንና የአልጋውን ወጪም የሚተካለት የለም።

ይህ ሁሉ ወጥቶ የሚገኘው ምንድን ነው? በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ራሳቸውን ስተው የተመረመሩ 169 ልጆችን መዝገብ አገላብጦ ነበር። በጠቅላላው 663 ምርመራ ተደርጎላቸው ከ180 ሺሕ ዶላር በላይ ወጥቷል፤ ምክንያቱን የገለጹት ግን 26 ምርመራዎች ብቻ ነበሩ። ባለጠጋው አገር እንኳ እንዲህ ከሆነ ፍየል ሸጦ ለሚከፍለው ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምተው።

ሲቲ ስካን በ1971 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተመረመረበት ድንቅ መሣሪያ ነው፤ በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደምንና እብጠትን ያሳያል። ነገር ግን ከሦስት ቀን በፊት ለጥቂት ሰኮንዶች የወረደ የደም ግፊት በምስል ላይ አሻራ አይተውም። ጨረሩም ለልጅ አይመከርም፤ በብሪታንያ ከ175 ሺሕ በላይ ወጣቶችን ተከታትሎ በ2012 የታተመው ጥናት የጨረሩ መጠን ሲጨምር የደምና የአንጎል ካንሰር አደጋ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አደጋው ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ነው፤ በከንቱ የሚቀበሉት ግን አይደለም።

ከዚህ የባሰው የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ፥ ማለት ኢ.ኢ.ጂ. ያለቦታው ሲደረግ ነው። በ1980 በኢጣልያ የታተመው ጥናት 3,726 ጤነኛ ተማሪዎችን መርምሮ በ131 ላይ የሚጥል በሽታን የሚመስል ምልክት አግኝቷል። እንግዲህ በሰልፍ ላይ የወደቀች የዋጃ ልጅ ከነዚህ እንደ አንዷ ብትሆን ሳትታመም ሕመምተኛ ተብላ ትመለሳለች፤ ምናልባትም የሚያፈዝና ለትምህርት የሚያሰንፍ ፌኖባርቢታል ለዓመታት ትውጣለች። በቡታጅራ ገጠር በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ተደርጎ በ1990 የታተመው ጥናት የሚጥል በሽታ ከሺሕ ሰው በአምስቱ ላይ እንደሚገኝ አመልክቷል። በሽታው እውነተኛና ሊታከም የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ስሙ በትዳርና በጉርብትና ላይ የሚያመጣውን መገለል ለሚያውቅ ሰው፥ በስሕተት የተለጠፈው ስም ከሲቲ ስካኑ ዋጋ ይበልጣል።

ታዲያ ምን ይመርመር? በ2017 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ለልጆች የሚያዘው ዝርዝር ታሪክ፥ የሰውነት ምርመራና ኢ.ሲ.ጂ. ነው። ኢ.ሲ.ጂ. የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚጽፍ፥ ሕመምም ጨረርም የሌለው ምርመራ ሲሆን፥ ድንገተኛ ሞት የሚያመጡ አንዳንድ የልብ ጉድለቶችን ያሳያል። ልጁ እየሮጠ ሳለ በመካከል ከወደቀ፥ ምንም ሳይሰማው ድንገት ከወደቀ፥ ደረቱን ካመመው ወይም ልቡ ከዘለለ፥ ከዘመዱም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፥ ሰብል እንኳ ቢሆን ተጥሎ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። በአገራችን የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የልብን በር የሚያበላሸው ትኩሳት ብዙ ስለ ሆነ፥ የልብን ድምፅ በማዳመጫ ማድመጥም አይዘለል። የገረጣች ልጅ ብትሆን የደም ማነስ ምርመራ ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ታሪኩ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ዋጃ ቀርቶ ልጁ ብቻ ይሄዳል። ልጁን ወደ ሆስፒታል የሚወስደው አባቱ ወይም አጎቱ ነው፤ ሲወድቅ ያዩት ግን መምህሩና ጓደኞቹ ናቸው። ሐኪሙ «እንዴት ወደቀ?» ሲል «እኔ አልነበርሁም» የሚል መልስ ካገኘ ወደ መሣሪያው መዞሩ አይፈረድበትም። ስለዚህ መምህሩ ልጁ በወደቀበት ሰዓት አንድ ገጽ ጽፎ ለአባትየው ቢሰጥ መልካም ነው፤ ቆሞ ነበር ወይስ እየሮጠ፥ ቁርስ በልቶ ነበር ወይ፥ ከመውደቁ በፊት ምን አለ፥ ፊቱ ገረጣ ወይስ ጠቈረ፥ መንፈራገጡ ከመውደቁ ቀደመ ወይስ ተከተለ፥ ሰው ደግፎ አቁሞት ነበር ወይ፥ ስንት ደቂቃ ቈየ፥ ሲነቃስ ሰው አወቀ ወይስ ለረዥም ጊዜ ተደናገረ። ለዚህ የሚያስፈልገው ከደብተር የተቀደደ አንድ ወረቀት ነው።